ድልድዩን እንለፈው

ታርቤል ሚልስ፣ ቨርሞንት
ጃንዋሪ 18 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር፤ ደህና ባትሆንም ከዚህ ሆኜ የማደርግልህ ነገር የለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ስለ ጉልበት የሚጻፍ ደብዳቤ የአሮጊት ደብዳቤ ነው፣ እኔ ደግሞ ገና ሰባ አልሞላኝም።

የሰማኸው እውነት ነው። ማን እንደ ነገረህ ባላውቅም እውነት ነው። የመንገድ ሥራ ሰዎች መጡና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ጣሪያ ባለው የእንጨት ድልድያችን ላይ ፈረዱ፤ የወተት መኪና አይችልም አሉ። በቦታው ሲሚንቶ ሊያፈሱ ነው። የእንጨቱን በቆመበት ያቃጥሉታል፤ መፍታቱ ድካም ነው ብለዋል። ቅድመ አያታችን በመጥረቢያ የጠረበውን፣ አባታችን ክረምት ከክረምት የደከመለትን፣ በአንድ ጣሳ ላምባ። ከተማው እምቢ ካለ ግን ሲሚንቶውን ከወፍጮው በታች ይሠሩታል፣ የእንጨቱም ባለበት ይቀራል፤ መጠገኑ የራሳችን ጣጣ ሆኖ ማለት ነው። ነገሩ ማርች ላይ በከተማው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። ከከተማው ሹሞች ኤልዊን ስቲክኒ የሲሚንቶ ወገን ነው። አስቦበት እንዳይመስልህ፤ የጠጠር ጉድጓድ አለው። ውሻ በበላበት ይጮኻል።

ይህ አልበቃ ብሎ ድልድዩ ወዳጆች አፍርቷል። «የታርቤል ድልድይ ወዳጆች» የሚባል ማኅበር ነው። መቶ ሃያ ዓመት ያለ ወዳጅ የቆመ ድልድይ አሁን ሊቀመንበር አለው። ሊቀመንበሯ ሚስስ ፔንሮዝ ናት፤ ለበጋ ከኮኔቲከት እየተመላለሰች ቆይታ፣ ባሏ ጡረታ ሲወጣ ጓዟን ጠቅልላ የገባችብን። ማለዳ ማለዳ በመስኮቴ ስታልፍ ባቡር እንደሚሸኝ ሰው እጇን ታውለበልባለች። እኔም አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ድልድዩ ላይ የአበባ ቅርጫት ማንጠልጠል ነው ያማራት። ጣሪያው የተሠራውም ፈረሶች ውኃውን አይተው እንዳይደነብሩ ነው ትላለች። ማኅበሩ ውስጥ ግቢ ብላኝ የምጨርሰው ሹራብ አለኝ አልኳት።

ድልድዩ ከተቃጠለ እኔን እዚህ ቤት የሚያስቀምጠኝ ነገር የለም። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምለው። መስኮቴን ከፍቼ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም።

ያ የገጠምከው የብረት ድልድይህስ እንዴት ነው? ባለፈውም ጠይቄህ ዝም አልከኝ።

እህትህ ዚልፋ

ዩሬካ፣ ካሊፎርኒያ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1955

እህቴ ዚልፋ፣

ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው። ስለ ብረት ድልድዬ ጠይቀሻል፤ ዘንድሮ የሸርጣኑ ምርት ጥሩ ነው ይላሉ።

ስለዚያ የእንጨት ሣጥንሽ የማስበውን ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ብረት ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጎተራ ወንዝ ላይ ተክሎ ድልድይ ማለት ያስቀኛል። ያቺ ሴትዮሽ ጣሪያው የተሠራው ፈረሶች ውኃውን አይተው እንዳይደነብሩ ነው አለች? ጣሪያው እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ነው፤ ይህን የእኛ ዶሮዎችም ያውቁት ነበር። ቢሆንም ጃንጥላ ካልያዙለት የማይቆም ድልድይ ምን ድልድይ ነው?

ያም ሆኖ ከስቲክኒ ጠጠር ያንቺ ሣጥን ይሻለኛል። ይቃጠል አልልም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሴትዮዋ ስትሳሳት ለራሷ ትነግሪያታለሽ ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የምትጽፊው?

ወንድምሽ ኦሪን

ታርቤል ሚልስ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

ጥያቄህ ገርሞኛል። ለምን ብዬ ነው የምነግራት? አስተማሪዋ አድርጎ የቀጠረኝ አለ?

ይልቅ ይህን ስማ። ባለፈው ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስለ ድልድዩ ታሪክ ንግግር አደረገች። ሄድኩ፤ ከእኔ ቤት እዚያ ይሞቃል። የከተማውን የድሮ ሪፖርት ስታገላብጥ፣ አባታችን በየክረምቱ «ድልድዩን በረዶ ስላለበሰ» ገንዘብ ተከፈለው የሚል አገኘች። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይህ የጸሐፊው ስሕተት ነው፤ ድልድዩን ከበረዶ ስላጸዳ ለማለት ፈልጎ ነው» ብላ በፈገግታ አረመችልን። አባታችንን ኦሪን። በአካፋ በረዶ እየዛቀ ወደ ድልድዩ ውስጥ ሲያስገባ የኖረውን ሰው። ጣሪያው ሥር ወለሉ ደረቅ ስለሆነ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄደው የጎረቤት ጋሪ መሐል ላይ እንዳይቆምበት ብሎ፣ እንደ አልጋ እየደለደለ፣ ጢሙ በረዶ እስኪሠራ። እሷ ጠራጊ አደረገችው።

እዚያ የተቀመጥን ሽማግሌዎች ሁሉ እናውቃለን። አንድም የተነፈሰ የለም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያ ብቻ ነው። ወጥተን መንገድ ስንጀምር ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔ እስካሁንም እየሳቅሁ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

መጨረሻ ላይ ብስኩት አዞረች። ብስኩቱም የማይረባ ነበር።

እህትህ ዚልፋ

ታርቤል ሚልስ
ማርች 2 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አሁን ለቆኛል።

ትናንት የከተማው ስብሰባ ነበር። ምሳውን እንደ ወትሮው የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አቀረቡ። የበርኒስ ስቲክኒ ባቄላ ዘንድሮም አልበሰለም። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ ያደረ ባቄላ እንዴት ጠጠር ሆኖ እንደሚወጣ ባሏን ብትጠይቀው ይነግራታል። ጥቁሩ ዳቦ የእኔ ነበር፤ ፍርፋሪ አልተረፈም። የመቃብሩ አጥር ቀለም እንዲቀባ ተወሰነ። የትምህርት ቤቱ ምድጃ ይቀየራል። ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን ይሰር ተባለ፤ አንድም የሚያስር የለም። የድልድዩ አጀንዳ ታለፈ። መንገዱ መጨቅየት ጀምሯል፣ የሜፕል ዛፎቹም ስኳር የሚፈላበትን ጭማቂያቸውን ማንጠባጠብ ጀምረዋል።

ጓንትህን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የአንደኛው አውራ ጣት ትንሽ ረዝሟል።

እህትህ ዚልፋ

ዩሬካ
ማርች 8 ቀን 1955

ዚልፋ፣

ጓንቱ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ያ አውራ ጣት የሰው አይደለም።

አንድ ገጽ ሙሉ ባቄላ፣ ግማሽ መስመር ድልድይ። ከአገሬ ርቄ ብኖርም በስብሰባችን «ታለፈ» ማለት ምን እንደሆነ አልረሳሁም። ጸደቀ ማለት አይደለም። ሳይነካ ተዘለለ፣ ተቀበረ ማለት ነው። «ይህን እንለፈው» የሚል ሰው ሊገድለው የፈለገውን ነገር ነው እንዲያ የሚለው።

ማን ነው ያለው? ስቲክኒ ነው? ያ ሁሉ ወዳጅ ምን ይሠራ ነበር? አንቺስ የት ነበርሽ?

ኦሪን

ታርቤል ሚልስ
ማርች 13 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

ስቲክኒ አይደለም። ስቲክኒ አፉንም አልከፈተ። ያለችው እሷ ናት።

ተራው ሲደርስ ሰብሳቢው አጀንዳውን አነበበ፤ ከተማው የእንጨቱን ድልድይ ጠግኖ ያቆየው ወይ የሚል። ሚስስ ፔንሮዝ አዲስ ሰማያዊ ባርኔጣ አድርጋ ብድግ አለች። ጠዋቱን ሙሉ ሰው ስለ መብራቱም ስለ ምኑም «እንለፈው» ሲልና ሲስማማ ስትሰማ ቆይታ፣ ተማሪ ፈተና እንደሚያልፈው፣ ሕግ በምክር ቤት እንደሚያልፍ፣ መጽደቅ መስሏታል። ደስ ብሏት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ድልድዩን እንለፈው!» አለች። ወዳጆቿ አጨበጨቡ።

ስቲክኒ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «እደግፋለሁ» አለ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀና «ሚስስ ፔንሮዝ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

«ፍጹም እርግጠኛ ነኝ» አለች።

ከዚህ በላይ ምን ያድርግ፤ ሰብሳቢ ወገን አይዝም። የሚደግፉ ሲል ወዳጆቿ በሙሉ አዎ አሉ፣ የስቲክኒ ሰዎችም በሙሉ አዎ አሉ። ይህ ከተማ በአንድ ነገር እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም። የሚቃወሙ ሲል ትንፍሽ ያለ የለም። ከዚያ ሄዳ የስቲክኒን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ አመሰገነችው። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ፣ ያ ከብት።

ማታ ባሏ ከሰብሳቢው ሰምቶ ነገራት አሉ። ከዚያ ወዲህ በመስኮቴ አላለፈችም። አሁን ጅብ ከሄደ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ ፖስታ ቤት ቆሞ ምነው አንድ ሰው በነገራት ኖሮ የማይል የለም። ሊያቃጥሉ የሚመጡት መንገዱ ሲደርቅ ነው።

እኔ የት እንደ ነበርኩ ጠይቀሃል። ልክ ከኋላዋ ነበርኩ። የጓንትህን አውራ ጣት እየሠራሁ ነበር። ለዚህ ነው የረዘመው።

እና ምን አድርጊ ነበር የምትለኝ? ከተማው ሁሉ እያየኝ ተነሥቼ ከዚያ ባርኔጣ አጠገብ ልቁም? አንድ ሰው ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም እንደ እኔ ሲጠብቅ ኖሯል።

ዚልፋ

ዩሬካ
ማርች 18 ቀን 1955

ዚልፋ፣

ሰላምታውን ለዛሬ ተይው።

ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ ነበር። ዝምታሽ አይነቅዝ ይሆናል፣ ድልድዩ ግን ይነድዳል። ሴትዮዋ የቃሉን ትርጉም አላወቀችም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ከሁለታችሁ ሞኟ የትኛዋ እንደ ሆነች እየተቀመጥሽ አስቢበት፤ ለመቀመጥ መቼም ጎበዝ ነሽ።

ስለ ብረት ድልድዬ ስትጠይቂኝ ከረምሽ። እንግዲህ ስሚ። ባለፈው ኦክቶበር አፈረሱት። ለአዲሱ መንገድ ጠበበ ተባለ። ሄጄ ዳር ላይ ቆሜ አየሁት። እያንዳንዱ ብረት ሲወርድ የት ገብቶ እንደ ነበር፣ ማን እንደ ያዘልኝና ማን እንዳሰረው አውቃለሁ። አጠገቤ ሳንድዊች የሚበላ ሰው «ጥሩ ሥራ ነው፣ ቶሎ ይጨርሳሉ» አለኝ። አዎ አልኩት። ያልጻፍኩልሽ አፍሬ ነው። እንጨትሽን እየናቅሁ ኖሬ የእኔው ብረት ቀድሞ ሄደ።

እኔን ድምፅ ስጥ ያለኝ የለም ዚልፋ። እቃወማለሁ ብዬ የምነሣበት አዳራሽ አልነበረም። አንቺ አዳራሽ ነበረሽ፣ ወንበር ነበረሽ፣ ምላስም ነበረሽ። ተቀምጠሽ ለእኔ አውራ ጣት ሠራሽልኝ።

ልጆች ሳለን አባታችን የትምህርት ቤቱን ውሳኔ እንዴት እንዳስገለበጠ ታስታውሻለሽ። ወሩ ሳይሞላ በቂ መራጭ ከፈረመ ከተማው እንደገና ይሰበሰባል። ስቲክኒ ይህን አይነግራችሁም። እሷ አታውቅም። አሁንም የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ኦሪን

ታርቤል ሚልስ
ማርች 29 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

ስለ ድልድይህ ከልቤ አዝኛለሁ። ሁለተኛ በሸርጣን እንዳታታልለኝ። ስለ ሌላው የጻፍከውን ደግሞ አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ኮቴን ለበስኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ባርኔጣም የለ።

«ሚስ ኬዲ፣ ይግቡ» አለችኝ።

«አልገባም፤ አንድ ነገር ነግሬዎት ልሂድ ብዬ ነው።»

«እባክዎ ይግቡ፣ ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው።»

ገባሁ። የፊርማውን ነገር ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ያን ዕለት ያውቁ ነበር አይደል?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ከኋላዬ ነበሩ። የሹራብ መርፌዎ ይሰማኝ ነበር። እኔ እንለፈው ስል ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ።»

ሴትዮዋ ጆሮ አላት። ያን አልጠበቅሁም።

«አሥር ዓመት ሙሉ እጄን አውለበለብኩልዎ» አለች። «እርስዎ ዝንብ እንዳስቸገረው ፈረስ አንገትዎን ይነቀንቃሉ። ዓይን አፋር ናቸው እያልኩ ለባሌ ስነግረው ኖርኩ። ለካ ንቀት ነው። እንግዲህ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ንቄዎታለሁ፣ ይወቁት።»

«እኩል ሆንን ማለት ነው» አልኳት። «ኮትዎን ይልበሱ።»

በእሷ መኪና ዞርን። ከሜፕል ጭማቂ ስኳር የሚሠራበት ወቅት ስለሆነ ቤቱ የሚገኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ዛፎቹ መሐል ስኳር ቤቱ ውስጥ ጭማቂ ያፈላል። በእንፋሎት ውስጥ ፊታቸው የማይታይ ሰዎችን ስናስፈርም ወረቀቱ ማር የተቀባ ይመስል ተጣበቀ። በየደረስንበት በበረዶ ላይ የፈሰሰ ስኳር ሰጡን፣ ኮምጣጤ ውስጥ ከቆየ ኪያር ጋር። እሷ ኪያሩን ለብቻው የሚበላ መስሏት ፊቷ እንዴት እንደ ተጨማደደ ብታይ። «ከስኳሩ በኋላ ነው፣ ጣፋጩን ለመቁረጥ» አልኳት። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀረቀረ፤ አነዳድ አታውቅም።

ተቀርቅረን የሚጎትተን ሰው ስንጠብቅ የበረዶውን ነገር ነገርኳት፤ ጸሐፊው አልተሳሳተም አልኳት።

«ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው?» አለች።

«ወደ ውስጥ።»

መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ሳቀች። በራሷ ነው የሳቀችው፤ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ቀና ብላ «ያን ሐሙስ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ፊርማው ሞልቶ ለከተማው ጸሐፊ ገብቷል። በርኒስ ስቲክኒ ግን አልፈረመችም፤ ብዕሩን ተቀብላ ነበር፣ ባሏ ከኋላ መጥቶ ሲቆም መለሰችልን።

እህትህ ዚልፋ

ታርቤል ሚልስ
ኤፕሪል 20 ቀን 1955

ወንድሜ ኦሪን፣

እንደምን ከረምክ? ጓንቱን መልሰህ ላክልኝ፣ አውራ ጣቱን ፈትቼ እሠራልሃለሁ።

ስብሰባው ትናንት ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሥር ቆሟል። ስቲክኒ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ተነሣና «ይህንን እንለፈው» አለ። ደጋፊም አገኘ። ሚስስ ፔንሮዝ ተነሣች። ያንኑ ሰማያዊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር።

«የዚህን ቃል ትርጉም ከዚህ አዳራሽ ተምሬያለሁ» አለች። «እናንተ ስታስተምሩ ረጋ ብላችሁ ነው።» ሰው ሳቀ፣ ግን በዚህ ጊዜ ከእሷ ጋር ነው። ከዚያ የበረዶውን ነገር አነሣች። ንግግሯ ላይ ጸሐፊውን እንዳረመችው፣ ስሕተቱ የእሷ እንደ ነበር፣ ምንም ሳትሸፍን ተናገረች። «የማያውቀው ሰው ጋሪ እንዳይቆም ብሎ ደረቅ ድልድይ ላይ በረዶ የሚያነጥፍ ሰው የነበረበት ከተማ ነው» አለች። «ይህንን ሰው ነው እንለፈው የምትሉኝ።» የአባታችንን ስም ግን አጣምማ ጠራችው። ከተቀመጥኩበት አረምኳት፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «አመሰግናለሁ ሚስ ኬዲ» ብላ በትክክለኛው ስም ቀጠለች።

ሰብሳቢው ድምፁ በመቆም ይሁን አለ። ስቲክኒን የሚደግፉ ቆሙ፤ ብዙ ነበሩ። የሚቃወሙ ሲል እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ጉልበቴ እንደ በር ጮኸ። ዘወር ስል ከኋላዬ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ደግሞ በርኒስ ስቲክኒ ማንኪያዋን እንደ ያዘች ቆማ ነበር። መቼም ወጥ ቤት ያለ ሰው ሁልጊዜ ይቆማል፤ ሰብሳቢው «በርኒስ፣ ቆመሽ ነው ወይስ ቆመሽ?» አላት። «ለድምፅ ቆሜ» አለች። ባሏ ጫማውን አየ። ባቄላዋን ሁለተኛ አላማም።

አልታለፈም ኦሪን። ይታለፍበታል። ቀጥሎ በተሰጠው ድምፅ ተጠግኖ ይቆይ ተብሏል፤ ሲሚንቶው ከወፍጮው በታች ይሄዳል፣ የእኛውን ደግሞ በበጋ መጠገን እንጀምራለን። ብረት የገጠመ እጅ እንጨት ይዞ ቢታይ አያሳፍርም፤ ና። ቤቱ ሰፊ ነው፣ አልጋህም አለ።

ማኅበሩ ውስጥ አስገቡኝ። ሞኝነቱ እንዳለ ነው። ሚስስ ፔንሮዝ አራት የአበባ ቅርጫት ፈልጋ ሁለት ፈቀድኩላት። በሚመጣው ክረምት ደግሞ ድልድዩን ራሷ በረዶ ልታለብሰው ነው፤ እንግዳ ጠርታ፣ በነጭ ጓንት። እርጥብ በረዶ አካፋ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ወገብ እንዴት እንደሚቆርጥ፣ አባታችን ማታ ማታ እንዴት ወለል ላይ ይተኛ እንደ ነበር አታውቅም። ዝም ልላት ነበር። በመስኮቴ ሆኜ ሳያት ክረምቱን ሙሉ የምስቀው ሳቅ ታየኝ።

ነገርኳት።

እህትህ ዚልፋ